ቤት የሚመታ ቃል ፍለጋ

ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ያስወደደኝ ግጥም ነው። ይህን ስናገር የሚገርመው ሰው ብዙ ነው፤ ሲን ከግጥም ምን አገናኘው ይለኛል። እኔ ግን የተገናኙበትን ክፍልና ጠረጴዛ ሳይቀር አስታውሰዋለሁ። ቦታው መቀሌ ነው፤ ከከተማው በስተምሥራቅ በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ያለው የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ። ዘመኑ ደግሞ አገር ሁሉ ስለ አዲሱ ሚሌኒየም የሚያወራበት 2000 ዓ.ም. ነበር።

ኮረብታው ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ጠዋት ጠዋት የጃኬታችንን ዚፕ እስከ አንገታችን ዘግተን ወደ ኮምፒውተር ላብ ስንሄድ፣ ከታች የመቀሌ የድንጋይ ቤቶች ፀሐይ አርፎባቸው ይታያሉ። ታሪክ የሚወዱት ልጆች ለአዲስ ገቢ ሁሉ የምሽጉን ነገር ይተርካሉ፦ ጣሊያኖች እዚህ መሽገው እንደነበር፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃ ምንጫቸው ተይዞባቸው የሻለቃ ጋሊያኖ ጦር በጥር 1888 ዓ.ም. ምሽጉን እንደለቀቀ። እኔም ሰምቼ ለሌላ ተርኬያለሁ። ሐሳባችን ግን አብዛኛውን ጊዜ ላብ ውስጥ ነበር።

ላቡ ውስጥ የምንማረው በቱርቦ ሲ ነው። ሰማያዊው ገጽ፣ ቢጫው ጽሑፍ፣ በማውዝ ሳይሆን በቁልፍ የሚከፈተው ሜኑ፤ ያንን ያየ የዘመኔ ተማሪ ሁሉ ዛሬም ዓይኑን ጨፍኖ ይሥለዋል። የፋይል ትምህርት ላይ ስንደርስ ቲቸራችን አንድ መልመጃ ሰጠን። በእንግሊዝኛ ቃላት የተሞላ የጽሑፍ ፋይል አለ፤ ተጠቃሚው አንዳንድ ፊደሉ የታወቀ፣ አንዳንዱ በጥያቄ ምልክት የተተካ ቃል ይሰጣል፤ ፕሮግራሙ ከፋይሉ ውስጥ ለዚያ ቅርጽ የሚስማሙትን ቃላት ሁሉ ያወጣል። የጥያቄ ምልክት አንድ ማንኛውንም ፊደል ይተካል፤ ኮከብ ደግሞ ምንም ይሁን ምን፣ ስንትም ይሁን ስንት ፊደል ይተካል።

እዚያ ላይ ነው ፖይንተር የገባኝ። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ልጅ በስንደዶው ፊደሉን እየነካ እንደሚሄድ፣ ፖይንተርም ትውስታ ውስጥ ያለውን ፊደል በፊደል እየነካ ይሄዳል። እዚህ ግን ስንደዶው ሁለት ነው፤ አንዱ የተሰጠውን ቅርጽ፣ ሌላው የፋይሉን ቃል ይነካል። ሁለቱ ፊደላት አንድ ከሆኑ ሁለቱም አንድ አንድ ይራመዳሉ። ቅርጹ ላይ የጥያቄ ምልክት ካለ ሳይጠይቁ ይራመዳሉ። ኮከብ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚያምረው፦ ኮከቡ ምንም እንዳልዋጠ ተቆጥሮ የቀረው ቅርጽ ይሞከራል፤ ካልሆነ ኮከቡ አንድ ፊደል ውጦ እንደገና ይሞከራል፤ ካልሆነ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ፋንክሽኑ ራሱን በራሱ እየጠራ እስከ ቃሉ መጨረሻ ይዘልቃል። ጥቂት መስመር ናት፤ የምትሠራው ሥራ ግን ከመስመሮቿ ቁጥር ጋር አይመጣጠንም።

ዶርማችን ውስጥ አንድ ገጣሚ ነበረ፣ የደሴ ልጅ። በግቢው የኪነ ጥበብ ክበብ ውስጥ ግጥም የሚያነብበት ቀን ሲቃረብ እንቅልፍ የለውም፤ ትራሱን አቅፎ እያጉተመተመ ቤት የሚመታ ቃል ይፈልጋል። ያን ማታ አልጋው ላይ ተጋድሞ የእኔን ፕሮግራም በወረቀት ላይ ሲያየው ቆየና ቀና አለ።

«ስማ እንጂ፣ ይሄ ነገር አማርኛም ይፈልጋል?»

«ፋይሉ ካለ ለምን አይፈልግም?»

«እንግዲያውስ በ‘ራ’ የሚያልቀውን ቃል ሁሉ አውጣልኝ። ‘ተራራ’ እና ‘አሞራ’ ሰለቹኝ።»

ከአዲግራት የመጣው ልጅ ከላይኛው አልጋ ላይ ሆኖ «ትግርኛም ጨምሩበት፣ ሓወይ» አለ። እሱም ኮምፒውተር ሳይንስ ነው፤ ከእኔ ይልቅ ፈጣን፣ ከእኔ ይልቅ ታጋሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው የሦስታችን ሆነ።

የመጀመሪያው ችግር ፋይሉ ነበር። ክበቡ ለዓመታት ያጠራቀመው ግጥምና አጭር ልብ ወለድ በአንድ ፍላሽ ላይ አለ፤ ገጣሚው አመጣው። ከፍተን ስናየው አማርኛ ነው፤ ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስንለውጠው ግን የላቲን ፊደል፣ የቃለ አጋኖና የፐርሰንት ምልክት ቅልቅል ሆነ። የተጻፈው ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ነዋ። በዚያ ዘመን አገር ምድሩ፣ ቢሮውም ጽሕፈት ቤቱም፣ የሚጽፈው እንዲያ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ኮድ ብቻ ሲሆን፣ ፎንቱ ያንን ኮድ የግዕዝ መልክ ያለብሰዋል። ፎንቱ ውስጥ ያለው ቦታ ቢበዛ 256 ስለሆነና ፊደላችን ከነዲቃሎቹ በቀላሉ ስለማይገባበት፣ አንዳንዱ ፊደል ከሁለት ቁራጭ ይገጣጠማል። ዓይን ያነበዋል፤ ማሽን ግን አማርኛ መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ የሚገርም ነገር ያደረግነው እዚህ ነው፦ ፊደል በፊደል፣ ቁራጭ በቁራጭ፣ የትኛው ኮድ የትኛውን ፊደል እንደሚወክል ሠንጠረዥ አወጣን። የአዲግራቱ ልጅ በእጁ ጻፈው፣ እኔ ወደ ሲ ቀየርኩት፣ ገጣሚው የወጣውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ጋር እያስተያየ አረመ። ያ ደብተር ቢገኝ ዛሬ በክብር አስቀምጠው ነበር።

የለወጥነው ወደ ዩኒኮድ ነው፤ ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር ወደሚሰጠው ሥርዓት። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው ዕትም ቢሆንም፣ ተራው ተጠቃሚ ዘንድ የደረሰው ቆይቶ ነው፤ ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር። ቱርቦ ሲ ደግሞ የዶስ ዘመን ልጅ ነውና ስለ ዩኒኮድ የሰማው የለም። እንደ እድል ሆኖ በዚያ ጊዜ ኡቡንቱ ሊነክስን በሲዲ አሳትመው ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልኩ ነበር። ከእኛ በፊት የነበረ ተማሪ ያስመጣው ሲዲ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እኛ ጋ ደረሰ። የአዲግራቱ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ጫንነው፤ አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት ጨመርንበት፤ ጥቁሩ መስኮት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሰላም» ተብሎ ተጽፎ ሲታይ ሦስታችንም ዝም ብለን አየነው።

ከዚያ ፕሮግራሙን «ሰላም» ስንት ፊደል ነው ብለን ጠየቅነው። 9 አለ።

የሲን ባሕርይ ያየሁት በዚያ መልስ ነው። ሌላ ቋንቋ ቢሆን ሦስት ብሎ ይሸፍንልህ ነበር፤ ሲ ግን ያለውን እንዳለ ያሳይሃል። የቃል ርዝመት የሚለካው የሲ ፋንክሽን፣ ስትርሌን፣ የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ሦስት ፊደል ዘጠኝ ባይት ነው። የመጀመሪያውን ባይት ቁጥሩን አሳየን ስንለው −31 አለ፤ መሆን የነበረበት 225 ነው። በዚያ ማሽን ላይ ተራው የሲ ፊደል ከ127 በላይ ያለውን ቁጥር ከዜሮ በታች አድርጎ ስለሚያነበው ነው። መፍትሔው አንድ ቃል መጨመር ነው፤ አሉታዊ ምልክት የሌለው በለው፣ 225 ይሆናል። ግን ያቺ 225 ራሷ አስደሰተችን፤ ከ‘ሀ’ እስከ ‘ፐ’ ያሉት ፊደሎቻችን ሁሉ በዚያች በአንዲት ባይት እንደሚጀምሩ ፋይሉን በቁጥር አስነብበን አየን። ጽሑፉ በቁጥር ሲታይ 225፣ 225፣ 225 እያለ በየሦስቱ እርምጃ ይመታል፤ ገጣሚው «ይሄማ ራሱ ቤት መታ!» አለ።

ስለ ዩቲኤፍ-8 አመጣጥ ያነበብኩት ያኔ ነው፤ እስከ ዛሬም ስተርከው አልጠግብም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1992 ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ራት እየበሉ፣ ከሳህን ሥር በሚነጠፍ ወረቀት ላይ ነደፉት። በዚያች ማታ ግዕዝ በዩኒኮድ ውስጥ አልነበረም፤ የገባው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ቢሆንም በዚያ ወረቀት ላይ የተነደፈው ሕግ ለእሱም ቦታ ነበረው። ሕጉ አንድ ትልቅ ጸጋ አለው፦ የአንዱ ፊደል ባይቶች በሌላ ፊደል መሃል ገብተው አይገኙም። ስለዚህ አንድን ሙሉ ቃል በፋይሉ ውስጥ መፈለግ ከሆነ፣ ለእንግሊዝኛ የተጻፈው የሲ ፋንክሽን አንዲት መስመር ሳይቀየርለት አማርኛን ይፈልጋል። ከደራሲዎቹ ማንም አማርኛ ሳያውቅ! እኔ ይህን ከትልልቅ የዘመናችን የእጅ ሥራዎች እቆጥረዋለሁ።

ሙሉ ቃል ሳይሆን ቅርጽ መፈለግ ሲመጣ ግን ጸጋው ያልቃል። ከአንድ ሲኒየር ተማሪ የተዋስነው ፎቶ ኮፒ ነበረ፤ ከርኒጋንና ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1999 ካሳተሙት የፕሮግራም አጻጻፍ መጽሐፍ የተወሰደ ምዕራፍ። ውስጡ ሮብ ፓይክ የጻፈው፣ 30 መስመር ገደማ የሚሆን የቅርጽ ፈላጊ አለ፤ ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ለዩኒክስ የሠራው ግሬፕ የተባለው ፈላጊ የሚያውቃቸውን ዋና ዋናዎቹን ምልክቶች ያውቃል። ከርኒጋን በኋላ እንደጻፈው፣ ፓይክ ቢሮው ገብቶ ቢበዛ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይዞት ነው የወጣው። ያንን በእጃችን ቀድተን አሠራነው። ነጥብ አንድ ፊደል ይተካል ተብሏል፤ በእኛ ፋይል ላይ ግን የሚተካው አንድ ባይት ነው፤ የፊደል ሢሶ። አንድ የአማርኛ ፊደል ለመዝለል ሦስት ነጥብ መደርደር ሊኖርብን ነው። ከፋይሉ መስመር በመስመር ስናነብም እንደዚያው፦ ለ256 ባይት ቦታ ስንከፍት 255 ይነበባል፤ ረጅም መስመር ከሆነ የመጨረሻው ፊደል ከወገቡ ሊቆረጥ ይችላል።

ስለዚህ ሦስቱን ባይት ወደ አንድ ቁጥር መመለስ አስፈለገ። ከመጀመሪያው ባይት አራት ቢት፣ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ስድስት ስድስት ቢት ወስዶ መደርደር ነው፤ ዐሥራ ስድስት ቢት ይሆናል። ‘ሀ’ 4608 ሆነ። ‘ለ’ 4616። ‘ሐ’ 4624። ‘መ’ 4632።

የአዲግራቱ ልጅ ቁጥሮቹን እያየ «በስምንት በስምንት ይዘላል» አለ።

ያቺን ቅጽበት አልረሳትም። ዩኒኮድ ፊደላችንን ያስቀመጠው በገበታው ላይ እንደምናውቀው፣ ቤት በቤት ነው። ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ሰባቱ ለግዕዝ፣ ለካዕብ፣ ለሣልስ፣ ለራብዕ፣ ለኃምስ፣ ለሳድስና ለሳብዕ፣ ስምንተኛው እንደ ‘ሏ’ ላሉት ዲቃሎች። እንግዲህ ‘ሳ’ን እንውሰድ፤ ቁጥሩ 4659 ነው። ከ4608 ሲቀነስ 51። 51 ለስምንት ሲካፈል 6 ደርሶ 3 ይቀራል። 6 የሚለው ቤቱ ነው፤ ‘ሀ’ን ዜሮ ብለን ከቆጠርን ስድስተኛው የ‘ሰ’ ቤት። 3 የሚለው ደግሞ ረድፉ ነው፤ ግዕዙን ዜሮ ካልን ሦስተኛው ራብዕ። በሲ ይህ ሁሉ ሁለት ትንንሽ ሥራ ነው፤ ቁጥሩን ሦስት ቢት ወደ ቀኝ መግፋት፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቢቶች ነጥሎ ማንሳት። አንድ ፊደል ሁለት ነገር ሆኖ ተከፈተልን፦ ተነባቢውና አናባቢው።

ይህን የሚያህል ደስታ ትምህርት ቤት ውስጥ አግኝቼ አላውቅም። ፊደል ገበታው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ሳይሆን የሚሰላ ነገር ሆነ። ግን ሁሉም ቤት እንደዚያ ቀና አይደለም። የ‘ቀ’፣ የ‘ኀ’፣ የ‘ከ’ና የ‘ገ’ ዲቃሎች ከአንድ በላይ ስለሆኑ ስምንተኛዋ ቦታ አልበቃቻቸውም፤ ለ‘ቈ’፣ ለ‘ኈ’፣ ለ‘ኰ’ እና ለ‘ጐ’ የራሳቸው ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ‘ቋ’ ከ‘ቀ’ ቤት መሆኑን ፕሮግራሙ እንዲያውቅ ስምንት ቦታ ወደ ኋላ መልሰን ማስቆጠር ነበረብን። የቃል ወሰንም አለ፤ ባዶ ቦታ ብቻ ሳይሆን አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝና የድሮው ሁለት ነጥብ ሁሉ ቃል ይለያሉ፤ ሲ ፊደል ነው አይደለም ብሎ የሚጠይቅበት ነባር መንገድ እነዚህን አያውቃቸውም። እየዘረዘርን አስተማርነው።

ከዚያ በኋላ የፈለግነውን መጠየቅ ቻልን። በ‘ራ’ የሚያልቅ አልን፤ ደብተራ፣ ጎተራ፣ መከራ፣ ወረራ፣ ከተራ፣ አውራ፣ ጭራ እያለ ጥቁሩ መስኮት ላይ ወረደ። ገጣሚው ወረቀት ይዞ ይገለብጣል። ቀጥሎ ጥያቄው ረቀቀ፤ ‘ራ’ ሆኖ ከፊቱ ያለውም ፊደል ራብዕ የሆነ ይፈልጋል፣ ድምፁ ሁለት ጊዜ እንዲከፈት። ረድፉን ነጥለን ማንሳት ስለቻልን ያም ቀላል ሆነ። ግጥም የሚጽፍ ሰው በጆሮው የሚያውቀውን እኛ በቢት እየነጠልን እናወጣለታለን፤ እሱም አንዳንዱን ቃል «ይሄ ያረጀ ነው»፣ «ይሄ ደግሞ ለሐዘን እንጂ አይሆንም» እያለ ይጥለዋል። ማሽኑ ያቀርባል፣ ሰውየው ይመርጣል።

የበለጠ የማረከኝ ግን ረድፉን ትተን ቤቱን ብቻ መፈለጋችን ነው። ‘ሰ’፣ ‘በ’፣ ‘ረ’ በማንኛውም ረድፍ፣ ከፊትና ከኋላ ምንም ቢኖር ብለን ስንጠይቅ ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ሰባራ፣ ስብራት፣ መስበር፣ ስባሪ ተግተልትለው መጡ። የሴም ቋንቋ ቃል በተነባቢ ሥር ላይ እንደሚቆም የሰዋስው መምህር በክፍል ውስጥ ነግሮን ነበር። በክበቡ ግጥሞች ውስጥ፣ በጓደኞቻችን እጅ በተጻፈው ጽሑፍ ውስጥ፣ ሥሩ እንዲህ ቅርንጫፉን ይዞ ሲመጣ ማየት ሌላ ነገር ነው። የአዲግራቱ ልጅ የትግርኛ ጽሑፍ ያለበት ፋይል ጨመረ፤ ያው ጥያቄ ከዚያኛውም ያንኑ ቤተሰብ አወጣ። ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ጥያቄ ሲመልሱ ሰማን።

ያኔ ነው የፊደል ክርክር የተነሣው። በአማርኛው ፋይል ውስጥ አንዱ ቃል በአምስት ዓይነት ይጻፋል፤ ኃይል፣ ኀይል፣ ሐይል፣ ሀይል፣ ሃይል። ፍለጋው አንዱን ሲያገኝ አራቱን ያልፋል። እኔ ‘ሀ’ን፣ ‘ሐ’ን እና ‘ኀ’ን አንድ ቤት፣ ‘ሰ’ን እና ‘ሠ’ን አንድ ቤት፣ ‘አ’ን እና ‘ዐ’ን አንድ ቤት፣ ‘ጸ’ን እና ‘ፀ’ን አንድ ቤት የሚያደርግ ትንሽ ሠንጠረዥ ጻፍኩ። ለአማርኛ ትክክል ነው፤ ዛሬም የአማርኛ ፍለጋ የሚሠሩ ሰዎች ይህንኑ ያደርጋሉ።

«ለእኛ ግን አይሆንም» አለ የአዲግራቱ ልጅ።

«ለምን?»

«ሃረመ መታ ነው። ሐረመ ሌላ ነው፤ እርም አለ፣ ተወ። አንድ ካደረግካቸው የተመታውና የተወው አንድ ሊሆን ነው።»

ቃሉን ሲለው ‘ሐ’ ከጉሮሮው ወጣች። እኔ ፊደሏን ስጽፋት ኖሬያለሁ እንጂ ድምጿን ልብ ብዬ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ስንወርድ፣ በርበሬ ከምትሸጠው ኣደይ ጀምሮ ጨው እስከሚያወርዱት ድረስ፣ ጆሮዬ ‘ሐ’ እና ‘ዐ’ን ማሳደድ ጀመረ። እኛ በልማድ የምንጽፋቸው ፊደላት እዚህ በየአፉ ሕያው ናቸው።

አንድ ማታ ደግሞ እኔ ለረጅም ጊዜ ሳይገባኝ የቆየ ነገር ተፈታ። በሥር ፍለጋችን ላይ አንዳንዱ የአማርኛ ግስ ሦስት ተነባቢ አይወጣለትም፤ ሁለት ብቻ ነው። ለምሳሌ ‘ሳለ’። ሥዕል ሳለ፣ ጉንፋን ይዞት ሳለ፣ ቢላዋ ሳለ፤ ፋይሉ ውስጥ ሁሉም ያው ሁለት ፊደል ነው፤ ፕሮግራሙ ሊለያቸው አይችልም። የአዲግራቱ ልጅ ወረቀት ስቦ ሦስት ቃል ጻፈ፦ ሰኣለ፣ ሰዓለ፣ ሰሓለ። የመጀመሪያው ሥዕል የሣለው፣ ሁለተኛው ጉንፋን ይዞት የሳለው፣ ሦስተኛው ስለት የሳለው ነው። ሦስት ግስ፣ ሦስት ቅርጽ። በአማርኛ መሃል ላይ የነበረችው የጉሮሮ ፊደል ጠፍታ በቦታዋ ራብዕ ብቻ ቀርቷል። ትግርኛው ግን ሦስቱንም እንደያዘ ነው። ራስ ሚካኤል ስሑል የሚባለውን መስፍን ስም በታሪክ ክፍል ስንሰማ ኖረን፣ ያ ‘ስሑል’ ከዚያው ከስለቱ ሥር መሆኑ ያን ማታ ነው የበራልኝ። እኛ በአማርኛ ብቻ ብንሠራ ኖሮ ፕሮግራሙ ሦስቱን ግሶች ለዘላለም እንዳቀላቀላቸው ይቀር ነበር፤ መቀሌ ስለሆንን፣ ከላይኛው አልጋ ላይ ይህን ቋንቋ የሚናገር ወንድም ስለነበረን አወቅነው።

መፍትሔው ሁለት ሠንጠረዥ መያዝ ሆነ። የአማርኛው ሁሉን ያቀራርባል። የትግርኛው ‘ሠ’ን ወደ ‘ሰ’፣ ‘ኀ’ን ወደ ‘ሐ’ ይመልሳል፣ ‘ጸ’ን እና ‘ፀ’ን ያገናኛል፤ አዲግራት ‘ፀሓይ’ ሲጽፍ አስመራ ‘ጸሓይ’ ይጽፋልና። ‘ሀ’ እና ‘ሐ’፣ ‘አ’ እና ‘ዐ’ ግን ተለያይተው ይኖራሉ። የከተማዋ ስም ራሱ ፈተና ነበር። እኛ መቀሌ እንላለን፤ ልጆቿ መቐለ ብለው ይጽፋሉ። ‘ቐ’ በዩኒኮድ ውስጥ የራሷ ቤት ያላት ፊደል ናት። ተጠቃሚው ሁለቱን ፋይል አንድ ላይ ሲፈልግ ብቻ ‘ቐ’ ወደ ‘ቀ’ እንድትጠጋ አደረግን፤ በትግርኛው ብቻ ሲፈልግ እንደ ክብሯ ትቆማለች። ይህን የወሰነው የአዲግራቱ ልጅ ነው፤ ትክክልም ነበር።

እኛ በዚያ ኮረብታ ላይ የደረስንበትን ነገር ሌሎች ቀደም ብለው እንደሄዱበት ቆይቼ ነው ያወቅኩት። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ፣ ግዕዝ ገና ዩኒኮድ ውስጥ ሳይገባ፣ ፊደላችን በላቲን ቁልፍ ተጽፎ በኮምፒውተር መካከል እንዲተላለፍ ሴራ የተባለውን ሥርዓት አዘጋጅተዋል። ዳንኤል ያዕቆብ ሊብኤት የተባለ የሲ ቤተ መጻሕፍት ለግዕዝ ጽሑፍ ሠርቷል፤ ፐርል በተባለው ቋንቋ ደግሞ ፊደልን በቤቱና በረድፉ እየጠሩ ለመፈለግ የሚያስችል መሣሪያ አውጥቷል። ራብዕ የሆነ ሁሉ፣ የዚህ ቤት የሆነ ሁሉ ማለት ይቻላል። ያንን ሳነብ የተሰማኝ የዘመድ ደስታ ነው፤ ባሕር ማዶ ያለ ሰው የእኛን ዶርም ጥያቄ ጠይቆ ነበር። ማይክል ጋሰር የተባለው ምሁርም ሆርንሞርፎ በተባለው ሥራው አማርኛን፣ ትግርኛንና ኦሮምኛን አንድ ላይ ይዞ የግሱን ሥር ከነቅጥያው ይፈታል፤ የእኛ ፈላጊ ፊደል ብቻ ሲያይ የእሱ ሰዋስው ያውቃል። እነዚህን ሰዎች በአገራችን የትምህርት መጽሐፍ ውስጥ በስም ሳይጠሩ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ግዕዝን እንደ ባዕድ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለቤት ኮምፒውተር ላይ እንዲያገኘው ያደረጉት እነሱ ናቸው።

ለጀማሪ ሲ ከባድ ነው፣ ፓይተን ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ለብዙ ሥራ እኔም እስማማለሁ። ፊደላችንን ለማወቅ ለሚፈልግ ልጅ ግን ሲን እመርጥለታለሁ። ሌላው ቋንቋ ‘ሳ’ን አንድ ፊደል ብሎ ይሰጥሃል፣ አመስግነህ ታልፋለህ። ሲ ሦስት ባይት ይሰጥህና ቤቱንም ረድፉንም አንተው ፈልግ ይልሃል።

አንድ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ገጣሚው አንድ ቀን የሚጠብቅ ፊደል ያለባቸውን ቃላት ብቻ አውጡልኝ አለ። ግጥም ሲነበብ ማጥበቅና ማላላት ምቱን ይለውጠዋል። የልደቱ ‘ገና’ እና ጊዜው ‘ገና’፣ የውኃው ‘ዋና’ እና ትልቁ ‘ዋና’ ሲነገሩ ይለያሉ፤ ሲጻፉ ግን በቁጥር እስከ መጨረሻዋ ቢት አንድ ናቸው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2005 ከፊደል ራስ ላይ የሚቀመጥ የማጥበቂያ ምልክት ጨምሯል፤ በክበቡ ግጥሞች ውስጥ ግን የተጠቀመበት ማንም የለም። ስለዚህ ሌላ ፋይል ጀመርን። ገጣሚው ከዝርዝሩ ላይ ቃሉን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ እኔ ከሚጠብቀው ፊደል ቀጥሎ የመደመር ምልክት አስገባለሁ፤ የአዲግራቱ ልጅ በትግርኛ ሲጠብቅና ሲላላ የሚለየውን በጎን ይመዘግባል። በ‘ራ’ የሚያልቁትን ጨርሰን ወደ ‘ና’ ስንሻገር የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ደረሰና ቆመ። ፋይሉ ዛሬም እኔ ጋ አለ። ጊዜ ሳገኝ ከ‘ና’ እቀጥላለሁ፤ ስጠራጠር ደሴ እደውላለሁ።